ብሩክነር ‹‹አልገባ›› ካላችሁ ቀረጻውን ቀይሩት

የኦስትሪያውን የሙዚቃ ደራሲ አንቶን ብሩክነርን ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። ሁለቴም ያስተወኝ ስምንተኛው ሲምፎኒ ነው፤ ባለ አራት ክፍል ረጅም የኦርኬስትራ ሥራ። የነበረኝ ቀረጻ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰርጁ ቼሊቢዳኬ የሙኒክ ፊልሃርሞኒክን የመራበት። ከ100 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛው ክፍል ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ አሁንም ያው ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን አልተኛሁም፤ ተናደድኩ። ‹‹ይሄ ሰውዬ መጨረስ አያውቅም እንዴ?›› ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

የመለሰኝ ስም የሌለው ፋይል ነው። አንድ ወዳጄ ላከልኝ። ‹‹ትራክ 1›› ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈበትም። 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ልብስ እየተኮስኩ ከፈትኩት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ካውያውን ነቅዬ ቆሜያለሁ። ሰባተኛው ሲምፎኒ ነበር፣ የመጀመሪያው ክፍል። መሪው ኦይገን ዮኹም፣ ኦርኬስትራው የጀርመኗ ድሬስደን። ለካ የተጣላሁት ከቀረጻው ጋር ኖሯል።

ስለዚህ ብሩክነር ከከበዳችሁ፣ ወይም ለምትወዱት ሰው ልታስወድዱት ከፈለጋችሁ፣ እኔ የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ።

ከሰባተኛው ጀምሩ። ስምንተኛውን ለጊዜው እርሱት። ሰባተኛውንም ቢሆን ሙሉውን አትስሙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይበቃሉ። ቫዮሊኖቹ በመሰማትና ባለመሰማት መሀል ይንቀጠቀጣሉ። ከሥራቸው ቼሎዎቹ አንድ ረጅም ዜማ ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ሆርን አብሯቸው ይሄዳል። ይህችን ብቻ በሦስት ቀረጻ፣ በተከታታይ፣ በአንድ ቁጭታ ስሟት። የእኔ ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦ የዮኹም የድሬስደኑ፣ ኸርበርት ፎን ካራያን ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር፣ ጉንተር ቫንት ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር። የካራያኑ በሚያዝያ 1989 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተቀረጸ የመጨረሻ ሥራው ነው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አረፈ።

እየሰማችሁ አንድ አንድ ቃል ጻፉ። ብዙ አታስቡበት። የእኔ ወረቀት እስካሁን አለ። ‹‹ዮኹም፦ ይተነፍሳል። ካራያን፦ ይንሳፈፋል። ቫንት፦ ?›› የቫንት ቦታ አንድ ሳምንት ባዶ ቆየ። በኋላ ‹‹ድንጋይ በድንጋይ ላይ›› ብዬ ሞላሁት። ዮኹም ዜማው ሲወጣ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲወርድ ይለቀዋል። ቫንት አይቸኩልም፣ አይለማመጥምም። ኖታው ያው ነው። ጆሯችሁ ግን ወደ አንዱ ያደላል። ያ ያደላችሁበት መሪ የእናንተ መግቢያ ነው። ቀሪውን ሲምፎኒ ከእሱ ጋር ጨርሱ። ‹‹ምርጡ ቀረጻ የቱ ነው?›› የሚለውን ክርክር ለጊዜው ለሌሎች ተዉላቸው፤ ማለቂያ የለውም።

ቀጥሎ ርዝመቱን እዩ። ይህንን ማንም ነግሮኝ ቢሆን ያን ሁሉ ጊዜ አላጠፋም ነበር። ፒየር ቡሌዝ በ1996 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ስምንተኛውን ሲቀርጽ የፈጀበት 76 ደቂቃ ያህል ነው። ከቼሊቢዳኬ ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው? ለጀማሪ ፈጠን የሚለው ይሻላል። ዜማው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ሳይጠፋችሁ ትከተሉታላችሁ። ዝግተኛው መንገዱን ካወቃችሁ በኋላ ይምጣ።

የቡሌዙን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የተቀረጸው ቅዱስ ፍሎሪያን ነው። ብሩክነር በልጅነቱ የዘመረበት፣ በኋላ ኦርጋን የተጫወተበት፣ በ1896 ሲሞትም ከኦርጋኑ ሥር የተቀበረበት ገዳም። ብሩክነርን የሚሰሙ ብዙዎች የሚያማርሩት አንድ ነገር አለ። ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ ቆይቶ በድንገት ጸጥ ይላል። ከዚያ ፈጽሞ ሌላ ነገር ይጀምራል። የተቆረጠ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ግን ሰውየው ኦርጋኒስት ነው። ትልቅ ቤተክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ሲቆም ድምፁ አይቆምም። ጣሪያውን ዞሮ፣ ግድግዳውን ነክቶ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሞት። ብሩክነር የሚጠብቀው ያንን ነው። ደረቅ ስቱዲዮ ውስጥ በተቀረጸ ሙዚቃ ያ ጸጥታ ቀዳዳ ይመስላል። ገደል ማሚቶ ባለበት ቦታ ግን ይሞላል። እንግዲህ ጸጥታው ካናደዳችሁ መሪውን ብቻ ሳይሆን አዳራሹንም ቀይሩ።

አሁን ወደ አሰልቺው ግን ግድ ወደሆነው ነገር። ሽፋኑ ላይ ሲምፎኒው የተጻፈበትን ወይም የተሻሻለበትን ዓመትና ኖታውን አስተካክሎ ያሳተመውን ሰው ስም አንብቡ። ብሩክነር ሥራዎቹን ደጋግሞ ያሻሽል ነበር። ሰባተኛውን የመራለት ሄርማን ሌቪ የ1887ቱን ስምንተኛ አይቶ ‹‹አይሆነኝም›› ቢለው፣ ብሩክነር ተሰብሮ እንደገና ጻፈው፤ በ1890 ሌላ ስምንተኛ ተጠናቀቀ። የአራተኛው ደግሞ ይብሳል። የ1874ቱ ሦስተኛ ክፍልና በኋላ የተካው ባለ አደን ጥሩንባው ክፍል ጨርሶ አይገናኙም። እኔ ይህን ሳላውቅ የ1874ቱን አግኝቼ ‹‹ፋይሉ ተሳስቷል›› ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ።

ዓመቱ አንድ ሆኖም አሳታሚው ሊለያይ ይችላል። ሮበርት ሃስና ሊዮፖልድ ኖቫክ የሚሉ ስሞችን ታያላችሁ። ልዩነቱ በጆሮ የሚለይበት ቦታ አንድ ላሳያችሁ። የሰባተኛው ሁለተኛ ክፍል፣ ዝግተኛው። ከ20 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ሙዚቃው ደረጃ በደረጃ ይወጣና በመጨረሻ ሲ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ይፈነዳል። እዚያች ፍንዳታ ላይ ሲምባል፣ እርስ በርስ የሚጋጩት የነሐስ ሳህኖች፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ይመታል። ወይም አይመታም! የሲምባሉ ኖታ ብሩክነር በእጁ በጻፈው ላይ በተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት ነው ያለው። ወረቀቷ ላይ ደግሞ ‹‹አይሠራም›› የሚል ጽሑፍ አለ፤ የማን እጅ እንደሆነ ያከራክራል። ሃስ ሲያሳትም ሲምባሉን አስቀረው፤ ኖቫክ መለሰው። የእኔ ዮኹም ይመታል። ከፍንዳታው በኋላ ሁሉም ወርዶ አራት የዋግነር ቱባዎች (በኦፔራ ደራሲው በሪቻርድ ዋግነር ስም የሚጠሩ የነሐስ መሣሪያዎች) ከአንድ ትልቅ ቱባ ጋር ያለቅሳሉ። ብሩክነር እጅግ የሚያከብረው ዋግነር የሞተው በየካቲት 1883፣ ብሩክነር ይህን ክፍል እየጻፈ ሳለ ነው። ይህን ሳያውቁት እንኳ ሰዎች እዚህ ጋ ዝም ሲሉ አይቻለሁ።

የድሮ ቀረጻ ለመጀመሪያ ቀን አልመክርም። አንድ ሰው ግን ‹‹ብሩክነር ድንጋይ ነው፣ አይንቀሳቀስም›› ካላችሁ፣ ቪልሄልም ፉርትቬንግለር በጥቅምት 1944 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የመራውን ስምንተኛ አሰሙት። ድምፁ ያረጀ ነው። ፍጥነቱ ግን እንደ ሰው ስሜት ይለዋወጣል፤ አንዳንዴ ያስፈራል።

ለሰው ስትጋብዙ ሰውየውን እዩ። ዘፈን ለሚወድ የሰባተኛው ዝግተኛ ክፍል። ሆርን ለሚወድ አራተኛው፤ ካርል በም በ1973 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀረጸው አያሳፍራችሁም። ረጅም ነገር ለማይችል የዘጠነኛው ሁለተኛ ክፍል፤ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። በጣት በሚነካ ክር ይጀምርና እንደ መዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ካርሎ ማሪያ ጁሊኒ በ1988 የቀረጸውን ሞክሩ። አንድ ክፍል አሰምታችሁ ዝጉ። ሁለተኛውን ራሱ ይጠይቃችሁ። እያሰማችሁ ደግሞ ‹‹አሁን፣ አሁን ስማ!›› አትበሉ። እኔ ይህን ልማድ ገና አልተውኩም።

ድምፁን የምታስተካክሉት ከፍ በሚለው ቦታ ላይ ይሁን። መጀመሪያው ስለማይሰማ ብላችሁ ከጨመራችሁት፣ ትሮምቦኖቹ ሲገቡ ከመቀመጫችሁ ትነሳላችሁ። በስልክ ስፒከር ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ደህና ሄድፎን ፈልጉ።

ቢሰለቻችሁም አትፈሩ፤ ብቻችሁን አይደላችሁም። በ1877 ቪየና ውስጥ ብሩክነር ሦስተኛውን ሲምፎኒ ራሱ ሲመራ አድማጩ እየተነሳ ወጣ። እስከ መጨረሻው ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ፣ በኋላ ራሱ ታላቅ የሲምፎኒ ደራሲ የሆነው፣ የ17 ዓመቱ ጉስታቭ ማለር ነበር።

ቼሊቢዳኬንስ? ተመለስኩበት። ከቡሌዝና ከፉርትቬንግለር በኋላ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። አልተኛሁም። ያ ሦስተኛ ክፍል አሁን አጠረብኝ አልልም፣ ዋሾ እሆናለሁ። ግን የት እንዳለሁ አውቅ ነበር።

ሰሞኑን ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ፋይል ላክሁላት። ሁለቱም የሰባተኛው ዝግተኛ ክፍል ናቸው፣ መሪዎቹ የተለያዩ። የደራሲውን ስም አልጻፍኩም። ‹‹አንደኛው ውስጥ ሲምባል አለ፣ አንደኛው ውስጥ የለም። የቱ ነው?›› ብቻ አልኳት። ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ማታ መልእክት መጣ።

‹‹መጀመሪያ የላክኸው ላይ አለ። ሌላ ቀረጻ አለህ?››