ከአማተር አሽከርካሪ ጋር በጂቲ ውድድር፦ ከአርብ እስከ እሁድ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በብዙ የጂቲ ውድድሮች፣ ማለትም ከመንገድ ስፖርት መኪኖች በተሠሩ የውድድር መኪኖች በሚካሄዱ ውድድሮች፣ አማተሩና ፕሮፌሽናሉ (ፕሮው) አንድ መኪና እየተቀያየሩ ይነዳሉ። ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍአይኤ አሽከርካሪዎችን ከታች ወደ ላይ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም ብሎ በአራት ደረጃ ይመድባል። ብሮንዙ፣ ማለትም አማተሩ፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ ያለው፣ ለመኪና ፍቅር ሲል ጊዜውንና ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ነው። ፕሮው ከአርብ እስከ እሁድ ከዙር ሰዓቱ ላይ ጥቂት አስረኛ ሰከንዶች ቢቀንስ ነው። ብሮንዙ ግን በደንብ ከታገዘ ሙሉ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ለዚህ ነው የአሰልጣኙ ሥራ ትልቅ የሚሆነው።

አማተሩ ችግሩን የሚነግራችሁ በተሰማው ቦታ ነው። የተፈጠረው ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እሱ ወደ ጠቆመው ቦታ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና እዩ።

«መኪናው አልታጠፍ አለኝ»

አርብ ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ የምትሰሙት ይሄን ነው። የፊት ጎማው ይንሸራተታል፣ መሪውን ባዞር ባዞር አይመልስም ይላል። ኢንጂነሩ መኪናውን እንዲያስተካክልለትም ይጠይቃል።

ቆይ በሉት። መጀመሪያ የፍሬኑን ዳታ (የፍሬን ግፊቱን ግራፍ) ክፈቱና ከፕሮው ጋር ደርባችሁ እዩት። የፕሮው መስመር በአንዴ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። የአማተሩ ተቃራኒ ነው። ቀስ እያለ ይወጣል፣ መሪውን ሊያዞር ሲል ደግሞ በአንዴ ዜሮ ይገባል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በየቀኑ ከተማ ውስጥ ሲነዳ ፍሬን የሚይዘው እንደዚያ ነው። ለስለስ አድርጎ ይጀምርና ወደ መጨረሻው ያጠብቃል። የጂቲ3 (ከጂቲ መኪና ምድቦች አንዱ) መኪና ግን በነፋስ ግፊት ወደ መሬት የሚጫን መኪና ነው። ይህ ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው ከሁሉ በላይ ፍሬን መቀበል የሚችለው ገና በፍጥነት እየበረረ ሳለ፣ በመጀመሪያው ቅጽበት ነው። አማተሩ ያንን ቅጽበት ለስለስ ብሎ ያሳልፈዋል። ዘግይቶ ሲነቃ ኩርባው ደርሷል። ደንግጦ እግሩን በአንዴ ያነሳል። እግሩ ሲነሳ የፊት ጎማዎቹን ተጭኖ የነበረው ክብደት ወደ ኋላ ይመለሳል። ፊቱ ቀለለ፣ መሬቱን መያዝ ተወ። «አልታጠፍ አለኝ» ያለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። መሪውን የበለጠ ሲጠመዝዘው ደግሞ የተንሸራተተው ጎማ የባሰ ይንሸራተታል።

መፍትሄው የሚጀምረው መኪናው ቆሞ ነው። ሰውየውን መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። የፍሬን ግፊቱን በዳሽቦርዱ ወይም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አሳዩት። ፕሮው የሚደርስበትን ቁጥር ንገሩትና እዚያ እስኪደርስ ይርገጥ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። «ይሄን ያህል?» ይላል። አዎ፣ ይሄን ያህል። ኤቢኤስ ስላለ ጎማው ይቆለፋል ብሎ መፍራት የለበትም። አስር ጊዜ ይድገመው። እግሩ ቁጥሩን ይልመደው።

ከዚያ ወደ ትራኩ ሲወጣ ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ አይቀይር። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ብዙ አሰልጣኞች የሚቸኩሉት «ዘግይተህ ያዝ» ለማለት ነው። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 69 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍሬኑን 10 ሜትር ማዘግየት ማለት እንግዲህ ከ0.15 ሰከንድ ያነሰ ነገር ነው። ከዚያ ውስጥ በእርግጥ የሚተርፈው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ኩርባውን በደንብ ወጥቶ ነዳጁን ቀድሞ የረገጠ ሰው ግን ትርፉን እስከ ቀጥታው መንገድ መጨረሻ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ቦታው ያው ይሁን። መጀመሪያ ጠንከር ይበል፣ ከዚያ መሪውን እያዞረ እግሩን ቀስ እያደረገ ያንሳ። ይህ ከሰመረ በኋላ፣ በሚቀጥለው ልምምድ፣ ቦታውን ጥቂት ጥቂት ሜትር ወደፊት ግፉለት።

ፍሬኑ ተስተካክሎም መኪናው አልታጠፍ ካለ ሰውየው ልክ ነው ማለት ነው። ያኔ ኢንጂነሩ ጋ ሂዱ። መጀመሪያ የሚታየውም የጎማው ንፋስ ነው።

«ሁሉን ነገር ነግሬው ባሰበት»

ይህ የእናንተ ችግር እንጂ የእሱ አይደለም። ከዳታው ላይ ስምንት ስህተት አግኝታችሁ ስምንቱንም ነግራችሁታል። መኪናው ውስጥ ገብቶ አንዱን ሲያስብ ሌላው ያመልጠዋል።

ለአንድ ልምምድ አንድ ነገር ብቻ ስጡት፣ በአንድ ኩርባ ላይ። ብዙ ሰዓት የሚባክንበትን ኩርባ ምረጡ። ረጅም ቀጥታ መንገድ የሚከተለው ኩርባ ቢሆን ይመረጣል። የቀሩትን ሰባቱን ማስታወሻችሁ ላይ ያዙ። መናገሩ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ያዙት። ሰውየው ብዙ ጊዜ በዕድሜ ከእናንተ ይበልጣል፤ በሥራው ዓለም ደግሞ ሰው የሚያዘው እሱ ነው። በቡድኑ ፊት ስህተቱን አትዘርዝሩበት። ዳታውን ለብቻው ወስዳችሁ አሳዩትና መጀመሪያ እሱ ያየውን ይናገር። ራሱ ያገኘውን ስህተት ቶሎ ያርመዋል።

«ማጣሪያው ላይ ጎማው አልያዘልኝም»

በልምምድ ጥሩ ሄዶ ቅዳሜ በማጣሪያው (የውድድሩ መነሻ ቦታ በዙር ሰዓት በሚለይበት) የሚወርድ አሽከርካሪ አለ። ጭንቀት ነው ተብሎ ይታለፋል። ጭንቀትም አለ፣ ነገር ግን መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ጠይቁ።

አዲስ ጎማ ምርጥ ዙሩን የሚሰጠው ሙቀቱ ልክ በደረሰባቸው ጥቂት ዙሮች ነው። ኢንጂነሩ ጎማውን ቀዝቃዛ ሳለ የሚሞላው ሲሞቅ የሚደርስበትን ንፋስ አስልቶ ነው። በግምት የጎማው ሙቀት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ንፋሱ (ግፊቱ) ወደ 0.1 ባር የሚጠጋ ይጨምራል። ስሌቱ ግን በፕሮው ፍጥነት ከተሠራ አማተሩ እዚያ ሙቀት ላይ አይደርስም። ጎማው በቂ ንፋስ ሳይኖረው ይቀራል። ሊደርስ ሲልም የጎማው ጥሩ ጊዜ አልፏል።

ኢንጂነሩ ለአማተሩ ዙር ለብቻው ያስላ፤ ከፕሮው ትንሽ ከፍ ባለ ንፋስ ይጀምር። አማተሩ ደግሞ ጎማ ማሞቅን አርብ ላይ ይለማመድ። ግራና ቀኝ ማወዛወዙ ብቻውን ብዙም አያሞቅም። ጠንከር ያለ ፍሬንና ነዳጅ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚነዳና በስንተኛው ዙር ላይ ሙሉ እንደሚሞክር ቀድሞ ይወቅ። በቁጥር ይነገረው። ከቀድሞው ዙሩ ጋር ሰዓቱን የሚያወዳድረውን የዳሽቦርድ ቁጥር ደግሞ አጥፉለት። ዓይኑ እዚያ ላይ ሲሆን ኩርባው ላይ አይደለም።

«ፈጣኑ ኩርባ ላይ እግሬ ይነሳብኛል»

ምክንያቱ ድፍረት ማጣት ሳይሆን ዓይን ነው። ቅርብ ካየ ሁሉም ነገር ይፈጥንበታል። በቤልጅየሙ የስፓ-ፍራንኮርሻምፕ ትራክ፣ ራይዲዮን በሚባለው አቀበት ጫፍ ላይ ከወዲያ ያለው መንገድ አይታይም፤ የሚታየው ሰማይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከሩቅ የሚታይ ቋሚ ምልክት፣ ዛፍም ይሁን ሕንፃ፣ አብራችሁ ምረጡለትና ዓይኑን እዚያ ይትከል። «ሙሉ ነዳጅ ርገጥ» ብላችሁ ግን አታስገድዱት። ፈርቶ ኩርባው መሃል ነዳጁን ከለቀቀ የመኪናው ኋላ ይቀላል፣ ሊዞርበትም ይችላል። ከመግባቱ በፊት ትንሽ ይልቀቅ፣ ከገባ በኋላ ግን አይልቀቅ። የሚለቀውን መጠን ከዙር ወደ ዙር ይቀንስ።

«ጎማው አልቋል»

እሁድ፣ ውድድሩ መሃል፣ በራዲዮ። ዳታውን በቀጥታ ማየት ከቻላችሁ ልዩነቱን ለዩ። ጎማ ሲያልቅ የዙር ሰዓት ጥቂት ጥቂት እያለ በእኩል ይረዝማል። ሰው ሲደክም ግን ሰዓቱ ይዘላል። አንዱ ዙር ጥሩ፣ ቀጣዩ መጥፎ ይሆናል፣ ማርሽም ይሳሳታል። መኪናው ውስጥ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ አማተሮች ደግሞ ኩርባ ላይ ትንፋሻቸውን እንደሚይዙ አያውቁትም።

ውሃ መጠጣት የሚጀመረው ከዋዜማው ነው። በውድድሩ ጊዜ ደግሞ ቀጥታ መንገድ ላይ በራዲዮ «ተንፍስ፣ ጠጣ» በሉት። ኩርባና ፍሬን ላይ አታናግሩት። ከኋላ ማን እንደሚመጣ ቀድማችሁ ከነገራችሁት ስፖኪዮውን ደጋግሞ በማየት አይደክምም። ፈጣን መኪና ሲደርስበት ወዲያ ወዲህ ሳይል መስመሩን ይጠብቅ፤ አላፊው ራሱ መንገድ ይፈልግ።

«ፒት ላይ ሰዓት በላን»

ትራኩ ላይ በሦስት ቀን የተለቀመች ሰከንድ ፒት ላይ፣ ማለትም መኪናው ከትራኩ ወጥቶ በሚቆምበት ቦታ፣ በአሽከርካሪ ቅያሪ በአንዴ ትሄዳለች። የደከመና የላበው ሰው ቀበቶ፣ የራዲዮ ገመድና የውሃ ቱቦ እየፈታ ነው። ምክንያቱ ልምምድ ማነስ ነው፣ ሌላ የለም። ሐሙስ ማታ ሁለቱም ሙሉ ልብስና ሄልሜት አድርገው ሃያ ጊዜ ይቀያየሩ። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ወራጁ የራሱን ነገር ነቅሎ ይውጣ፣ ከዚያም ዘወር ብሎ የገቢውን ቀበቶ ያቀብል። ቀበቶ የሚፈታው መኪናው ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ብቻ መሆኑን ያን ማታ ንገሩት። እሁድ ወደ ፒት ሲገባም በራዲዮ ድገሙለት።