«በይደር» ሲባል፦ ስብሰባን አቋርጦ ለሌላ ቀን ማቆየት

«ይደር» ከ«አደረ» የመጣ ቃል ነው፤ ነገሩ እዚሁ ይደርና ነገ እንመለስበት እንደ ማለት። ዳኛ ጉዳዩን «በይደር ለነገ ቀጥሬያለሁ» ሲል፣ የእድር ሰብሳቢም «አጀንዳ 3 በይደር ይያዝ» ሲል ሥራው አላለቀም፣ አልተሰረዘምም። ካቆመበት የሚቀጥልበት ቀን ግን አለው። ቀን ካልተቆረጠለት በይደር መባል የለበትም፤ «ላልተወሰነ ጊዜ በይደር ተይዟል» የሚለው የደብዳቤ ቋንቋ እርስ በርሱ ይጣላል። እንዲያ ከሆነ «ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ጎረቤት ቃላቱን መለየት ያስፈልጋል። ለሻይ ወይም ለምሳ ከሆነ «ለ30 ደቂቃ ዕረፍት ወጣን» ይበቃል፤ ያልነጋበት ነገር አያድርም። ገና ያልተጀመረ ስብሰባ ቀኑ ሲቀየር «ተላለፈ» ነው። «ተራዘመ»ን ግን በቃለ ጉባኤ ውስጥ ባትጠቀሙበት እንመክራለን። «ስብሰባው በአንድ ሰዓት ተራዘመ» ሲባል አንዱ ዘግይቶ ይጀመራል ብሎ ይረዳል፣ ሌላው ዘግይቶ ያልቃል ብሎ።

ከሁሉ የሚከፋው «ተበተነ» ነው። የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመኑ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለው (ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 58)። ሰኔ 30 ላይ ምክር ቤቱ ለዕረፍት ይዘጋል እንጂ አይበተንም። መበተን በአንቀጽ 60 የተቀመጠ ሌላ ነገር ነው፤ በ6 ወር ውስጥ አዲስ ምርጫ ያስከትላል። አዳራሹን ለቆ የወጣ ተሰብሳቢ «ተበተነ» ቢባል በጨዋታ ያስኬዳል፣ በዜናና በቃለ ጉባኤ ግን አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰብሳቢው አጀንዳው በይደር እንዲያዝ ሐሳብ ያቀርባል፣ ቤቱ ይስማማል ወይም ድምፅ ይሰጣል፣ ቀጣዩ ቀንና ቦታ ሰው ከመነሳቱ በፊት ይነገራል። ጸሐፊው ሰዓቱን፣ በዚያ ሰዓት የነበረውን ሰው ብዛትና ምክንያቱን ይመዘግባል። 120 አባላት ባሉት፣ ደንቡም ከግማሽ በላይ መገኘትን በሚጠይቅ እድር፣ ምልአተ ጉባኤው 61 ነው። ቃለ ጉባኤው ይህን ይመስላል፦

«እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በአጀንዳ 3 ላይ ውይይት ሲደረግ ከረፋዱ 5፡40 ላይ የተሰብሳቢው ቁጥር ከ64 ወደ 58 ስለወረደ ምልአተ ጉባኤው ጎድሏል። አጀንዳ 3 እና 4 በይደር ተይዘው ለእሑድ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት፣ በዚሁ አዳራሽ ተቀጥሯል።»

ቁጥሩና ሰዓቱ ለወጉ ብቻ አይደሉም። ቁጥሩ ከጎደለ በኋላ ውሳኔ ቢተላለፍ፣ ያልተስማማ አባል ነገ «ስንት ሰው ነበር?» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ያን ጊዜ መልሱ ከወረቀቱ ላይ ነው የሚገኘው። ለዚህም ሰብሳቢውና ጸሐፊው ሁለተኛውን ቀን ሳይጠብቁ እዚያው ይፈርሙ።

ቀድመው የወጡት ሰዎች ቀኑን አልሰሙም። ለእነሱ በዚያው ቀን በስልክ ወይም በቴሌግራም ማሳወቅ የጸሐፊው ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሳው በዚህ ነው።

አባላቱ ዋሽንግተንና አዲስ አበባ ሆነው በዙም የሚሰበሰቡ ከሆነ የማን አገር ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። «3 ሰዓት» ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ ነው። ደግሞ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. የተሰበሰበ ቤት ለጥቅምት 23 ቢቀጥር፣ በዚያን ቀን አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለምትመልስ ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ሰዓት ከፍ ይላል፤ ቀጠሮው በዋሽንግተን ሰዓት ከሆነ ይህን ያልቆጠረ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ብቻውን ይቀመጣል፤ በአዲስ አበባ ሰዓት ከሆነ ደግሞ የዋሽንግተኑ ሰው አንድ ሰዓት ይዘገያል።

በቀጠሮው ቀን መጀመሪያ ሰው ይቆጠራል፣ ቀጥሎ ከላይ ያለው የቃለ ጉባኤ አንቀጽ ይነበባል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አጀንዳ 3። ደንባችሁ ሌላ ካላለ አዲስ አጀንዳ አታስገቡ፤ ይህ የዚያው ስብሰባ ቅጣይ ነውና ያልመጣው አባል ያልተነገረው ነገር ሊወሰንበት አይገባም። አዲስ ጉዳይ ያለው ለሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ ያስመዝግብ።