ከከተማ ወጣ ብላችሁ በኦንላይን ለምትማሩ የነርሲንግ ተማሪዎች

ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ ተከራይታችሁ ነርሲንግ የምትማሩ ልጆች፣ ግማሹ ትምህርት በኦንላይን ነው ከተባላችሁ ቪዲዮውን ቀን ላይ በቀጥታ ለማየት አትታገሉ። *999# ገብታችሁ የሌሊት ጥቅል ግዙ፤ ከቀኑ ይረክሳል። መምህሩ በቴሌግራም የለቀቀውን ሁሉ ሌሊት አውርዱት። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይደክማልና ፓወር ባንካችሁ ሁሌም ሙሉ ይሁን።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ቪዲዮ እያዩ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ለነርስ አይሆንም። ደብተር ይዛችሁ፣ ቪዲዮውን አቁማችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ለምሳሌ 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ ጨዋማ ፈሳሽ) በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ቢባልና ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ (ሴት የሚባለው) በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ቢሆን፣ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። እዚህ ላይ አትቁሙ። የስልካችሁን ሰዓት ከፍታችሁ በዚያው ፍጥነት ጠረጴዛውን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉ፤ በ15 ሰከንድ 10 ወይም 11 ጊዜ ማለት ነው። እኔ ዋርድ ስገባ ጠብታው ሲፈጥንና ሲዘገይ ዓይኔ የለየው በዚህ ልምምድ ነው። ያልገባችሁን ደግሞ ጽፋችሁ ያዙና በስኪል ላብ (በተግባር መለማመጃ ክፍል) ቀን መጀመሪያ እሱን ጠይቁ፤ የላብ ሰዓት ቶሎ ያልቃል።