የጅቡቲ መስመር ሹፌር ክፍያና የቤት ቀን እንዴት ይቆጠራል?

ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳል፤ እኔ አዳማ ሆኜ ሒሳቡን በደብተር እይዛለሁ። በሰፈራችን አዲስ ሥራ ሊጀምር ያለ ሹፌር ሲኖር ሚስቱ ወይም እናቱ ውሉን ይዘው ይመጡልኛል። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «በኪሎ ሜትር ስንት ቢከፈለው ጥሩ ነው?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ «ምልልሱ ስንት ቀን ይፈጃል?» እላቸዋለሁ።

ስሌቱን እዩት። ከአዳማ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 1,600። ለምሳሌ በኪሎ ሜትር 5 ብር ቢከፈለው ምልልሱ 8,000 ብር ይሆናል። በ5 ቀን ከተመለሰ በቀን 1,600 ብር አገኘ ማለት ነው። ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ፣ ሚሌ ጉምሩክ ሲቆም፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪያራግፍ 10 ቀን ከፈጀበት ግን በቀን 800 ብር ብቻ ነው። መኪናው ሲቆም ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ ሹፌሩ ግን በዚያ ሙቀት ጭነቱን እየጠበቀ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ የቆመበት ቀን ይከፈለው እንደሆነ፣ ከስንተኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነም ጠይቃችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ። ባዶውን ሲወርድ የሚነዳው ኪሎ ሜትር መቆጠር አለመቆጠሩንም እንዲሁ። ለእኔ የኪሎ ሜትሩ ዋጋ ትንሽ ዝቅ ቢል እንኳ ቋሚ ደመወዝና የቆመበት ቀን ክፍያ ያለው ሥራ ይበልጣል።

አበሉን ለብቻው ጻፉት። ጅቡቲ ውስጥ የሚበላውና የሚጠጣው በፍራንክ ነው፤ ፍራንኩ ደግሞ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር በብር የተቆረጠ አበል ወዲያው ነው የሳሳው። አበሉ ካላደገ ጎዶሎውን የሚሞላው ከቤት አስቤዛ ነው።

ሲነሳና ሲመለስ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። እኔ በአንድ ገጽ ላይ የተነሳበትን ቀን፣ የቆጣሪውን ንባብ፣ የጫነበትንና ያራገፈበትን ሰዓት፣ የተቀዳውን ናፍጣ፣ የተቀበለውን አበል እጽፋለሁ። ክፍያ ላይ ክርክር ሲነሳ ገጹን አሳይቶ ይነጋገራል።

የቤት ቀን ላይ አዳማ የምንኖር የተለየ ችግር አለብን፤ ከተማችን መንገድ ላይ ናት። ጭኖ ወደ ሞጆ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ቤት ይገባል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ልጆቹን ይስማል፣ ከዚያ የጭነቱን ሸራ ሌባ እንዳይቀድበት ብሎ ጋቢናው ውስጥ ያድራል። አሠሪው ይህን «ቤቱ አድሯል» ብሎ ከእረፍት ሲቆጥርበት አይቻለሁ፣ አናዶኛልም። የጭነት ኃላፊነት እያለበት ያደረበት ሌሊት እረፍት አይደለም። እኔ የቤት ቀን ብዬ የምመዘግበው መኪናውን አስረክቦ፣ ቁልፉ ከእጁ ወጥቶ ያሳለፈውን ቀን ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት እረፍት ይሰጣል፤ በእረፍት ቀኑ ከሠራ ምትክ እረፍት አለው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። «ሥራ ሲቀዘቅዝ ትወጣለህ» የሚል የቃል ተስፋ አትቀበሉ፤ ከስንት ምልልስ በኋላ ስንት ቀን እንደሚያርፍ በቁጥር ይጻፍ።

ስለ ቅጣትም አንብቡ። ናፍጣ ጎደለ፣ ጎማ ፈነዳ ተብሎ ደመወዝ የሚቆረጥበት ቦታ አለ። በሕጉ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም፤ ያውም ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ ሹፌሩ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ስለዚህ ሲቀጠር ከሚፈርማቸው ወረቀቶች መካከል «ለሚደርሰው ጉድለት ሁሉ ተስማምቻለሁ» የሚል ካለ ሳይፈርም ቤት ይዞት ይምጣ። የጽሑፍ ውል ካልተሰጠው ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ መጀመሪያ ጅቡቲ ከመውረዱ በፊት ይጠይቅ።