በኮስትኮ ካርድ መኪና መግዛት፦ ቅናሹን እንዴት ያገኙታል፣ የትስ ያጡታል?

አሜሪካ ያለ ሐበሻ በአባልነት ካርድ የሚገባበትን ትልቅ መደብር ኮስትኮን የሚያውቀው በሩዙ፣ በዘይቱና በተጠበሰው ዶሮ ነው። ያው ካርድ መኪና ሲገዙም እንደሚሠራ ስናገር ግን “እውነትህን ነው?” የሚለኝ ብዙ ነው። እኔ ራሴ ካርዱን ኪሴ ይዤ ዲለር ቤት ገብቼ እንደ መርካቶ ስከራከር ኖሬያለሁ። ችግሩ ሻጩ በየቀኑ ይከራከራል፣ እኔ ደግሞ በአምስትና ስድስት ዓመት አንዴ።

በመጀመሪያ ኮስትኮ መኪና አይሸጥም። በግቢው የሚቆም፣ ቁልፉን የሚያስረክባችሁ መኪና የለውም። ከ1989 ጀምሮ ያለው የመኪና ፕሮግራሙ ከዲለሮች ጋር አስቀድሞ ዋጋ ይስማማል። ዲለሩ ለአባላት ይቀንሳል፣ በምትኩ ገዢ ይላክለታል። እናንተ ከዓመታዊው የአባልነት ክፍያ በላይ የምትከፍሉት የለም። እሱም መደበኛው 65 ዶላር ነው። ናቪ ፌደራልን የመሳሰሉ ክሬዲት ዩኒየኖችም (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበራት) ለአባሎቻቸው ተቀራራቢ አገልግሎት አላቸው። አካሄዱ ብዙም አይለያይም።

መኪናውን ቤታችሁ ሆናችሁ ምረጡ

“ቶዮታ ነገር” ብላችሁ አትሂዱ። ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን ደረጃውንም ለዩ። ካምሪ ኤል ኢ እና ካምሪ ኤክስ ኤል ኢ የዋጋቸው ልዩነት ቀላል አይደለም። ያልወሰነ ገዢ ሻጩ ወደ ፈለገው ይወሰዳል።

ብድሩን ከዲለር በፊት ጨርሱ

ክሬዲት ዩኒየን ወይም ባንክ ሂዱና ስንት፣ በስንት ወለድ እንደሚያበድሯችሁ በወረቀት ተቀበሉ። ክሬዲታችን ይወርዳል ብላችሁ ከሁለት ሦስት ቦታ ለመጠየቅ አትፍሩ። በ14 ቀን ውስጥ የተደረጉ የመኪና ብድር ጥያቄዎች በክሬዲት ነጥብ (ስኮር) አሠራሩ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የዚህ ወረቀት ጥቅም በኋላ ይታያችኋል።

አሮጌ መኪና ካላችሁ እግረ መንገዳችሁን ያገለገሉ መኪኖችን የሚገዛውና የሚሸጠው ካርማክስ በስንት እንደሚገዛችሁ ጠይቁ። የሚሰጧችሁ ዋጋ ለ7 ቀን ይጸናል።

ጥያቄውን በፕሮግራሙ በኩል ላኩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ቅናሹን አያገኝም። ካርድ ይዞ ዘው ማለት ብቻውን አይሠራም። የኮስትኮ የመኪና ፕሮግራም ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የምትፈልጉትን መኪናና የአባልነት ቁጥራችሁን ትሞላላችሁ። ከዚያ የአንድ ዲለር ስም፣ እዚያ ቤት ደግሞ ለፕሮግራሙ የተመደበው ሰው ስም ይሰጣችኋል። የምታናግሩት ያንን ሰው ነው።

እኔ እዚህ ጋ ነው የተሸወድኩት። የተመደበልኝን ሰው ልፈልግ ስገባ አንድ የአገሬ ልጅ ሻጭ በር ላይ ተቀበለኝ። “ምን ታደርገዋለህ ፈረንጁን፣ እኔ አለሁልህ” አለኝ። ሻይ ጋበዘኝ፣ ስለ ሠፈር አወራን። ከዚያ በኋላ የኮስትኮ ዋጋ ያለበትን ወረቀት አሳየኝ ማለት እንዴት ይቻላል? ይሉኝታ ያዘኝ። በመጨረሻ የሰጠኝ ዋጋ የፕሮግራሙ አልነበረም። ልጁን አልፈርድበትም፣ ሥራው ነው። እናንተ ግን ሻዩን ጠጡና የተመደበውን ሰው ጥሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት በኢሜይል ሁለት ነገር ጠይቁት። መኪናው አሁን ግቢ ውስጥ አለ ወይ? ሁሉም ነገር ተደምሮ ይዤው ስወጣ ስንት ነው? ይህን ሁለተኛውን እነሱ “አውት ዘ ዶር” ይሉታል። ቃሉን እንዳለ ጻፉት።

ዲለር ቤት ስትደርሱ

ካርዳችሁን አሳዩና የአባላት ዋጋ ዝርዝሩን በወረቀት እዩ። ይህ መብታችሁ ነው፣ በቃል የተነገረ ዋጋ አይበቃም። መስኮቱ ላይ ከተለጠፈው የአምራቹ ዋጋ ጋር አነጻጽሩት። አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ተመላሽ ካለ ብዙውን ጊዜ በዚህ ላይ ይደመራልና እሱንም አንሱ።

“በወር ስንት መክፈል ትፈልጋለህ?” ለሚለው ጥያቄ መልስ አትስጡ። ወርሃዊው ክፍያ ዓመት በመጨመር ሁልጊዜ ሊያንስ ይችላል። የአሮጌ መኪናችሁንም ነገር የአዲሱ ዋጋ እስኪቆረጥ ድረስ አታንሱት።

የፕሮግራሙ ዋጋ የመኪናው ብቻ ነው። ታክስ፣ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) እና ሰሌዳ ይጨመራሉ፣ እነዚህ የመንግሥት ናቸው። የዲለሩ የወረቀት ሥራ ክፍያ ግን የራሱ ነው። ቨርጂኒያ ጣሪያ ስላላበጀችለት ብዙ መቶ ዶላር ሲጠይቁ ታያላችሁ። ዲለሩ አስቀድሞ የገጠማቸው ዕቃዎችም አሉ፦ የመስታወት ቀለም፣ ጎማ ውስጥ የተሞላ ናይትሮጅን። አልፈልግም በሉ። ካልወጣ ሌላ መኪና ጠይቁ።

ዋጋው ሁልጊዜ ከሁሉም ያነሰ ነው ብዬ አልምልላችሁም። መኪና በተትረፈረፈበት ጊዜ ደህና ተከራካሪ ሌላ ዲለር ጋ የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ይዛችሁ ሌላ አንድ ቦታ ደውሉ።

የፋይናንስ ቢሮው

ቅናሹ የሚጠፋው እዚህ ነው። ዋጋ ተስማምታችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ልጆቹ እየተነጫነጩ ትገባላችሁ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ወለድ ይነግራችኋል። ዲለሩ ባንኩ በሰጠው ወለድ ላይ የራሱን ጨምሮ ልዩነቱን ሊያተርፍ ይችላል። 30,000 ዶላር በ60 ወር ስትበደሩ በ6 በመቶ በወር 580 ዶላር ገደማ ነው። በ8 በመቶ 608 ይሆናል። 28 ዶላር ምንም አትመስልም፣ በ60 ወር ግን 1,700 ገደማ ትደርሳለች። ያን ቀድማችሁ ያመጣችሁትን ወረቀት የምታወጡት አሁን ነው። ከሱ የተሻለ ከሰጧችሁ ጥሩ፣ ካልሰጧችሁ በራሳችሁ ብድር ግዙ።

ቀጥሎ የተራዘመ ዋስትና ይመጣል። ፈልጋችሁት ከሆነ ይሁን፣ ግን ዋጋው ለድርድር ክፍት ነው። “ዛሬ ካልገዛችሁ አይገኝም” ቢሏችሁ አትደንግጡ።

ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሮቹን ከኢሜይሉ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። “በ3 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል” የሚባለውን አትመኑ። የፌደራሉ የሦስት ቀን ደንብ ዲለር ቤት ሄዳችሁ የገዛችሁትን መኪና አይጨምርም።

አንድ ነገር ልትረሱ ትችላላችሁ። መኪና ባትገዙም ያው ካርድ በፕሮግራሙ በታቀፉ ጋራዦች ለጥገናና ለመለዋወጫ 15 በመቶ ያስቀንሳል። ቅናሹ ጣሪያ አለው። ኩፖኑንም መኪናውን ከማስገባታችሁ በፊት ከድረ ገጹ አውጡ።