ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም፦ የባሕር ዳርቻ ገደልን ለነዳጅ ጂኦሎጂ ማንበብ

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ጀማሪ ጂኦሎጂስት ሳለሁ በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ዌስት ቤይ የሚባል ቦታ ሄድኩ። ብሪድፖርት የሚሉት የአሸዋ ድንጋይ እዚያ ከባሕሩ አፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቢጫ ገደል ነው። አንድ ጠንካራ ንብርብር ወደ ውጭ ወጣ ይላል፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ አሸዋ ገባ ይላል። ከዚያ ደግሞ ጠንካራ፣ ደግሞ ለስላሳ። መደርደሪያ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተገትሬ፣ እጄ የሚደርስበትን በሜትር፣ የማይደርስበትን በባይኖኩላር እያየሁ ከታች ወደ ላይ መዘገብኩ። ማታ ደብተሬን ለአለቃዬ በኩራት ዘረጋሁለት።

ገለጥ ገለጥ አደረገና «ጥሩ ነው። ይቺ ጠንካራዋ ንብርብር ወደ ጎን ስንት ሜትር ትሄዳለች?» አለኝ።

ዝም አልኩ። አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ጎን አልሄድኩማ!

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ይኸው የአሸዋ ድንጋይ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ዊች ፋርም በሚባለው የነዳጅ መስክ ሥር፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ይዟል። ነዳጁ የተገኘው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ከጉድጓድ የሚወጣው የድንጋይ ናሙና ውፍረቱ መዳፍ ቢያክል ነው። ሳይዝሚክ (ወደ መሬት የተላከ ድምፅ ነጥሮ ሲመለስ የሚሠራው ምስል) ደግሞ ሰፊውን መሬት ያሳያል እንጂ አንድ ሜትር የማትሞላ ንብርብር አይለይም። በሁለቱ መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላልን ገደሉ ነው። ጠንካሮቹ ንብርብሮች የዛጎል ኖራ ሟሙቶ፣ ተመልሶ በአሸዋው ቅንጣቶች መሃል የረጋባቸው ናቸው። ቀዳዳቸው ስለተደፈነ ነዳጅ እንደ ልቡ አያልፍባቸውም። ንብርብሩ ሳይቆረጥ ረጅም ርቀት ከሄደ ከሥሩ ላለው ነዳጅ ጣሪያ ይሆናል። እየተቆራረጠ ድቡልቡል ድንጋይ ብቻ ከሆነ ግን ነዳጁ ዞሮ ያልፋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ከመዶሻ በፊት የባሕሩን የሙላትና የሽሽት ሰዓት ያዙ። ባሕሩ ገና እየሸሸ ሳለ ድረሱ፤ የመመለሻ ሰዓታችሁን ደግሞ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉት። እኔ አንዴ «አንድ ንብርብር ብቻ» እያልኩ ቆይቼ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ተመልሻለሁ። ከገደሉ ሥር አትቀመጡ፣ ከዝናብ በኋላማ ጭራሽ አትጠጉ። ይኸው ብሪድፖርት ገደል ከዌስት ቤይ አለፍ ብሎ በርተን ብራድስቶክ አጠገብ በ2012 እ.ኤ.አ. ተንዶ ሰው ገድሏል። ሄልሜት ለትንሽ ጠጠር ነው፤ ለዚያ ዓይነት ናዳ ምንም አያደርግም። ብዙው የባሕር ዳርቻ ገደል የሕግ ጥበቃ ስላለበት ገደሉን አትፈልጡ፤ ርቆ የወደቀ ድንጋይ ሞልቷል።

ከዚያ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና ገደሉን በእርሳስ ሳሉ። ፎቶ በኋላ ይደርሳል። ስትስሉ ዓይናችሁ ንብርብሩ የት እንደሚወፍር፣ የት እንደሚሳሳ ለማየት ይገደዳል። ፎቶ ስታነሡ ግን አንድ ሰው አቁሙበት፤ አለበለዚያ ማታ ሁለት ሜትሩን ከሃያው መለየት አትችሉም።

ቁመቱን ስትመዘግቡ በ1 ለ50 ሚዛን ሥሩ፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወረቀት አንድ ሜትር ድንጋይ ማለት ነው። የምትፈልጉት የባሕሩን ጥልቀት ነው። ጭቃ ድንጋይ ካያችሁ ሞገድ የማይደርስበት ጸጥ ያለ ወለል ነበር። በጭቃው መሃል ጉብ ጉብ ያለ ቅርፅ ያላቸው ስስ የአሸዋ ንብርብሮች ከገቡ፣ ማዕበል ሲነሣ ብቻ አሸዋ ይመጣ ነበር። ከፍ ሲል አሸዋው ይወፍራል፣ መስመሮቹም ሰያፍ ይሆናሉ፤ የየዕለቱ ሞገድ ደርሷል ማለት ነው። ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ስስ መስመር ከመጣ ሞገድ ወጣ ገባ የሚልበት ዳርቻ ላይ ናችሁ። ጉድጓድ ውስጥ ይኸው ቅደም ተከተል በጋማ ሬይ መስመር (የድንጋዩን የተፈጥሮ ጨረር በሚለካው) ይነበባል፦ ጭቃው ላይ ከፍ ያለ ቁጥር፣ ወደ ላይ አሸዋው እየጠራ ሲሄድ ዝቅ ያለ። ብሪድፖርት ላይ ግን ይህን ሁሉ በግልጽ አትጠብቁ። በወለሉ ላይ ይኖሩ የነበሩ ፍጥረታት አሸዋውን ቆፍረው ቆፍረው መስመሩን አጥፍተውታል። የማዕበሉን ቅርፅ ለማየት እዚያው ዶርሴት ኦስሚንግተን ሚልስ ሂዱ። ቤንክሊፍ የሚባለው አሸዋ እዚያ ከነድፍድፉ አለ። ነዳጁ ከድንጋዩ ሲወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። አሸዋው ጠቆር ይላል፣ ስትጠጉት ይሸታል። ነዳጅ ከመሬት በታች ሐይቅ ሠርቶ የተኛ የሚመስለው ሰው እዚያ አንድ ጊዜ ቢቆም ይበቃዋል።

አንድ የምወዳት ሙከራ አለች። የወደቀ ድንጋይ ፈልጡና አዲሱ ፊት ላይ ጠብታ ውሃ አድርጉ። ለስላሳው አሸዋ ወዲያው ይመጠዋል። ጠንካራው ላይ ጠብታው ድቡልቡል እንዳለ ይቀመጣል። በ10 እጥፍ ሌንስ ስታዩት ምክንያቱ ቁልጭ ይላል፦ በአንዱ ቅንጣት ከቅንጣት መሃል ጥቁር ቀዳዳ አለ፣ በሌላው ነጭ ነገር ሞልቶታል። በሳሳ አሲድ ቢነካ ይፈላል። በዚህ ተደስታችሁ ግን የፖሮሲቲ ቁጥር (ከድንጋዩ ስንት እጁ ቀዳዳ እንደሆነ) ከገደል እንዳትወስዱ። ዝናቡና ጨው ፊቱን ቀይረውታል። ከገደል ቅርፅንና ርቀትን ውሰዱ፤ ቁጥሩን ለጉድጓድ ናሙና ተዉት።

አሁን ወደ ጎን። አንድ ንብርብር ምረጡና ተከተሉት። በየ20 እርምጃው ውፍረቱን ጻፉ። እኔ በማግሥቱ ይህን ሳደርግ ዋናው ያልኩት ንብርብር ጥቂት ሄዶ ወደ ድቡልቡሎች ተበታተነ፤ ከቁብ ያልቆጠርኩት ስሱ ግን እስከሄድኩበት ድረስ ዘለቀ። ጫፉን ካላያችሁ «140 ሜትር» ብላችሁ አትዝጉት፤ «ከ140 ሜትር በላይ» ነው የሚጻፈው። በዚህች ቃል መሳሳት ስንት የነዳጅ መስክ ሞዴል አበላሽቷል።

ለአለቃዬ ቁጥሩን ይዤለት ስሄድ «ወደ ገደሉ ውስጥስ?» አለኝ። አይለቅም እኮ! ግን እውነቱን ነው፤ ገደል አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ገደሉ የሚታጠፍበትን ጥግ ፈልጉ፣ ያንኑ ንብርብር በሁለቱም ፊት ለኩ፣ የየፊቱን አቅጣጫም በኮምፓስ ያዙ። ጥግ ከሌለ ደብተሩ ላይ «በአንድ አቅጣጫ ብቻ የታየ» ብላችሁ ጻፉ።