ከአውሮፓ ከተማ ወደ ከተማ በባቡር፦ ሰዓትና ዋጋ ስትፈልጉ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱንም ዋጋውንም ከአንድ ቦታ ሲፈልግ ነው። የጀርመኑ የባቡር ድርጅት የዶይቼ ባን መተግበሪያ የበርካታ የአውሮፓ አገሮችን ባቡሮች ሰዓት ያሳያል። ሰዓት ለማየት ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። የሌላ አገር ባቡር ዋጋ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ያኔ «ትኬት የለም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ባቡሩ የማን እንደሆነ አንብቡና ከባለቤቱ ድረ ገጽ ግዙ።

ከሚላን ሮም ከሆነ ደግሞ ትሬኒታሊያና ኢታሎ የሚባሉ ሁለት የባቡር ድርጅቶች በአንድ መስመር ይፎካከራሉ። የትሬኒታሊያ ድረ ገጽ የኢታሎን ባቡር አያሳይም። ሁለቱም በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ፤ ዋጋቸው ግን በአንድ ቀን እንኳ ሊራራቅ ይችላል። ሁለቱንም ሳታዩ አትክፈሉ።

የፈጣን ባቡር ትኬት እንደ አውሮፕላን ነው፤ ርካሹ ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ መጨረሻው ሳምንት ድረስ አትጠብቁ። ርካሹ ትኬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዚያው ባቡር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ትንሽ ጨምራችሁ የሚቀየረውን ግዙ።

እኛን በተለይ የሚያሳስተን የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። 18:40 በእኛ ምሽት 12:40 ነው። ይሄንን ብዙዎቻችን ለምደነዋል። ጉዱ ያለው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። 00:15 የሚነሳ ባቡር ለእኛ ገና የቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ከሩብ ነው። ትኬቱ ላይ ግን ቀኑ እሑድ ሆኗል። ቅዳሜ ብላችሁ ከቆረጣችሁ ባቡሩ ከአንድ ቀን በፊት ሄዷል ማለት ነው። ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ቀኑን አብራችሁ አስሉለት።

የጣቢያውን ስምም እዩ። ከለንደን የሚመጣው ዩሮስታር የተባለው ባቡር ፓሪስ የሚያወርዳችሁ «ጋር ዱ ኖር» በሚባለው ጣቢያ ነው። ወደ ሚላን የሚሄደው ባቡር የሚነሳው ግን «ጋር ደ ሊዮን» ከሚባለው ሌላ ጣቢያ ነው። በመሀል ሻንጣ ይዛችሁ በከተማ ባቡር ትሻገራላችሁ። ቢያንስ የአንድ ሰዓት ክፍተት ይኑራችሁ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ደግሞ የፓሪስ–ለንደንን ዋጋ ረክሶ ስታዩት አትቸኩሉ። የሸንገን ቪዛ እንግሊዝ አያስገባም። ቪዛችሁ ለአንድ መግቢያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለንደን ደርሳችሁ ወደ ፓሪስ መመለስ አትችሉም። መጀመሪያ ቪዛው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ትኬቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።